በሁለት መንደር የተቆጠረች ላም

ስለ አገራችን ገበሬ የተጻፈ ጥናት እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገልጠው ማጠቃለያውን አይደለም። መጀመሪያ ጥጃ እፈልጋለሁ። ይህን የምለው ለቀልድ እንዳይመስላችሁ። የሚያውቁኝ ይመስክሩ፤ እኔ ቀልድ የሚገባኝ አድሬ ነው። ጥጃው ግን ቀልድ አይደለም። ታሪኩን ከሰማችሁ በኋላ እናንተም ጥናት ስታነቡ አንገታችሁን ዘንበል አድርጋችሁ የእምቧታ ድምፅ ማዳመጥ ሳትጀምሩ አትቀሩም።

ያኔ የምኖረው ቆቦ ነበር። እናቴ ሳልጠና ስለሞተች ያሳደገችኝ አክስቴ ዘሃራ ናት፤ ከዞብል ተራራ ግርጌ፣ ላይ ጨፌ በምትባል መንደር። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጅ ሲያዝሉ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጥቶ ሽማግሌውንም ኮረዳውንም ከዋርካ ሥር ሲያስቀምጥ እኔም ተቀመጥኩ፤ ሌሎቹ ተነሥተው ሲሄዱ እኔ እዚያው ቀረሁ። ከዚያ ወደ ከተማ ወርጄ ከወገቤ ከማይደርሱ ሕፃናት ጋር አንድ ዴስክ ተጋራሁ። አንዱ አስተማሪ ስም ሲጠራ እኔ ጋ ሲደርስ "እመት ጦይባ!" ይል ነበር። ክፍሉ ይስቃል፣ እኔ "አቤት" እላለሁ። እንዲህ እያልኩ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ።

ዘግይቶ የተማረ ሰው የተማረውን ከልክ በላይ ያምናል። እኔ በታተመ ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ነገር ደግሞ ገና ያልተፈጠረ። ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ከዋና ከተማ የመጡት አጥኚዎች ጠያቂ ሲፈልጉ እኔን የመረጡኝ።

ድርቁ ካለፈ በኋላ ነው። ዝናቡ ተመልሶ ማሽላው አሽቷል። የጥናቱ ስም እጅግ ረጅም ነበር፤ "የራያ ቆላ የተፈጥሮ አካባቢ፣ ኢኮኖሚና ኅብረተሰብ" ብሎ ይጀምርና ገና ብዙ ይቀጥላል። የላይ ጨፌ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሰይድ የጥናቱ ስም ሲነበብለት ሰምቶ፣ "ይኸ ሁሉ እኛ ነን?" አለ።

አጥኚዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ዶክተር፣ መነጽሩ ወፍራም፣ ንግግሩ ቀጭን። ሌላው ፒተር የሚባል ፈረንጅ፣ ፀሐይ ያቀላው፣ ያገኘውን ሁሉ የሚለካ። የአፈር ጥልቀት ይለካል፣ የቁልቋል ቁመት ይለካል፤ አንድ ቀን የእኔን ጥላ ሲለካ ደርሼበታለሁ። ሦስተኛው አጥኚ አይደለም፤ እነሱን የሚያጠና ነው። ጓድ ታምሩ የሚባል ካድሬ፣ ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገ፣ ከብት የሚያውቀው ሥጋ ቤት ተሰቅሎ ብቻ።

አሁን ስለ ካሚዮኑ ልንገራችሁ። በዚያ ሰሞን "ራሱን አይችልም" የተባለ መንደር ካሚዮን ይመጣለታል። ሕዝቡ ተጭኖ፣ ስሙን ሰምቶት ወደማያውቅ የደን አገር ለሰፈራ ይሄዳል። ጓድ ታምሩ የሚሞላው የሰው ኮታ ነበረበት፤ ወዲያ ወዲህ የሚለውም ገና ስላልሞላለት ነው። "ራሱን ይችላል" የተባለ መንደርስ? እሱ ዘንድ የሚመጣው የእህል ኮታ ነው። ሰይድ ነገሩን ባጭሩ አስቀምጦታል፦ "የለንም ካልን እኛን ይጭኑናል። አለን ካልን እህላችንን ይጭኑታል። መቼም ካሚዮኑ ባዶውን አይመለስ።"

አክስቴ ምርጫዋን አውቃለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ልጇን ሑሴንን አላየችውም። ዋጃ ገበያ ጨው ሊገዛ እንደወጣ ገበያው ተከበበ፣ ወጣት ወጣቱ ተለቀመ፣ ሑሴንም ጨውም አልተመለሱም። በካሚዮን ላይ ያየው ሰው ወሬውን አመጣላት። ከዚያ ወዲህ እሷ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "እኔ ከዚህ ከተነሣሁ ልጄ ሲመጣ ማንን ያገኛል?"

እንግዲህ የዶክተሩ ጥናት ለላይ ጨፌ "ይችላል" ወይም "አይችልም" ይላል። መለኪያውም በወረቀቴ ላይ ተጽፏል፦ የምትታለብ ላም ወይም የሚጠመድ በሬ ያለው ቤት ራሱን ይችላል። ከድርቁ በኋላ ላይ ጨፌ ውስጥ በእሾህ የታጠረ ባዶ በረት እንጂ ላም የሚባል ነገር እንደሌለ እኔ አውቃለሁ። ከሥራችን ያሉት የታች ጨፌ ሰዎች ግን ወንዙ ስላለላቸው ከብታቸው ተርፎላቸዋል።

መጀመሪያ የሄድነው ታች ጨፌ ነው። ፋጡማ የምትባል ሴት በር ላይ ሻሺቱ የምትባል ላም ታስራለች፤ ግንባሯ ነጭ፣ አንድ ቀንዷ ወደ ዓይኗ የታጠፈ። አጠገቧ ቀይ ጥጃ፣ ጆሮው ጫፉ ላይ የተሸነቆረ። ፒተር ላሟን ከነጥጃዋ ፎቶ አነሣ።

"ስንት ከብት አለሽ?" አልኳት።

"አልሐምዱሊላህ፣ ሁለት።"

"አንድ ነው የማየው።"

"ኧረ በአላህ! ይኸስ?" ጥጃውን አሳየችኝ።

"ጥጃ አይቆጠርም። ሁለት ዓመት ያልሞላው ከብት አይባልም።"

"ታዲያ ምንድነው? ዶሮ ነው?"

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ መመሪያውን ከፍቼ አነበብኩላት። ዶክተሩ ከጀርባዬ ሆኖ፣ "ጦይባ ትክክል ናት፤ መጠይቁ ጥጃ አይቆጥርም" አለ። ሰይድ የዘመዶቹ መንደር ነውና ለሰላምታ መጥቶ እዚያው ሽመሉን ተደግፎ ቆሟል። "ጥጃ አይቆጠርም አላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። "አይቆጠርም" አልኩት፣ በኩራት። ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ምን ዓይነት መነቅነቅ እንደነበር በማግሥቱ ገባኝ።

በማግሥቱ ላይ ጨፌ ስንደርስ አላህ በአንድ ሌሊት መንደሩን ጎብኝቶታል። በየበረቱ ላም! በየደጁ በሬ! ሰዉ ሁሉ ከብቱ አጠገብ ቆሞ፣ እንደ ሙሽራ ሚዜ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይጠብቀናል። ጓድ ታምሩ ፊቱ ጠቆረ፤ ካሚዮኑን በእነዚህ ሰዎች ሊሞላ አስቦ ነበር። ፒተር "ግሩም ነው!" እያለ ይጽፋል። እኔ አክስቴ በር ላይ ስደርስ አንዲት ላም ጠበቀችኝ።

ግንባሯ ነጭ። አንድ ቀንዷ ወደ ዓይኗ የታጠፈ።

"እንዴት አደርሽ እቴ" አልኳት።

"አልሐምዱሊላህ፤ እንዴት አደራችሁ" አለችኝ፣ እንደማታውቀኝ በብዙ ቁጥር። ዓይኗ ከእግሬ ጫማ አልተነሣም።

እስኪርቢቶዬን አወጣሁ። ከላሟ ጥያቄ በፊት የሚመጣው ቀላሉ ነበርና እሱን ያዝኩ። "በዚህ ቤት የሚኖረው ሰው ስንት ነው?"

"እኔና ሑሴን።"

"እቴ፣ ሑሴን እዚህ የለም።"

"ልብሱ አለ። መኝታው አለ። ቁጠሪው።"

"እዚህ የሚያድር ሰው ብቻ ነው የሚቆጠር።"

ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። "አንች ልጅ፣" አለች ቀስ ብላ፣ "ያስተማሩሽ እንዲህ ነው? ያልታየ እንደሌለ?" አንድ ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ የሚለው እንደዚያ ነበር።

እዚህ ላይ ሻሺቱ ጮኸች። እምቧታ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የውኃ አለ፣ የሣር አለ። ይህኛው ሆድ የሚበላው ነው። እሷ ስትጮህ ከጎረቤት ሌላዋ መለሰች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ መንደሩ በሙሉ እንደ ለቅሶ ቤት ሆነ። ከትናንት ጀምሮ አልታለቡም፤ ግታቸው ተወጥሮ ሊፈነዳ ደርሷል። ፒተር ጎንበስ ብሎ የሻሺቱን ግት አየና ዓይኑ በራ።

"ስንት ወተት ትሰጣለች? ትታለብና እንለካ!" ብሎ የልኬት ዕቃውን ከቦርሳው አወጣ። እኔ ተረጎምኩ። እንዲያውም የፈረንጁን እንግሊዝኛ አሳምሬ ነው የተረጎምኩት።

አክስቴ የወተት ጮጮዋን ይዛ ወጣች። "ቢስሚላህ" ብላ ከላሟ ጎን ተንበረከከች። ሻሺቱ ዘወር ብላ አሸተተቻት። ሰው ያውቃሉ እኮ፤ የፋጡማ እጅ አይደለም ይህ። እግሯን አነሣች፣ ጮጮው ተንከባለለ። አክስቴ ጮጮዋን አንሥታ እንደገና ሞከረች። አንዲት ጠብታ የለም። ጥጃዋ ካልጠባት አትሰጥምና ላሟ ወተቷን ያዘች።

"ምን ሆና ነው?" አለ ጓድ ታምሩ ቀረብ ብሎ። ከብት አያውቅም እንጂ የፈራ ሰው ፊት ያውቃል፤ ሥራው እሱ ነው። "ላሟ አታውቅሽም እንዴ፣ እናቴ?"

ሰይድ ከአጥር ውጭ ሆኖ ሽመሉን ሲያጠብቅ አየሁት። አንድ በር ላይ ነገሩ ከተበጠሰ በየበሩ ይበጠሳል፤ ከዚያ የሚመጣው ካሚዮኑ ነው።

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ጦይባ፣ አንቺ ትክክለኛ ሰው ነሽ" አለ፣ በዚያ ቀጭን ድምፁ። "ይህች ላም የማን ናት?"

ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ አደራ ተሰጥቶኝ አያውቅም። ለዚህ ነው የተማርኩት፤ እውነቱን ለመናገር። እውነቱም ምላሴ ላይ ነበር፣ በመመሪያው ቋንቋ፣ ነጥቡ ከነቦታው። አክስቴ ከላሟ ሥር ተንበርክካ እንደነበረች ናት፣ ባዶ ጮጮዋን አቅፋ።

"የአክስቴ ናት" አልኩ። "ጥጃዋ ሞቶባት ነው። እያዘነች ነው።"

"መቼ ሞተ?" አለ ጓድ ታምሩ።

"ትናንት።"

አክስቴ አፍታ እንኳን አልዘገየችም። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ጥላ፣ "ወየው ጥጃዬ! ወየው ያይኔ ማረፊያ!" አለች። በእኛ አገር ከብት የሞተበት ሰው ቤት ሰው ለማጽናናት ይገባል፤ ያንን ማንም አያስተምርም። ጎረቤቶቿ አጥሩን አልፈው ግር አሉ።

"አላህ ይተካልሽ ዘሃራ!"

"ከሰው ይለቅ፤ በሱ ይለፍልሽ!"

"እንዴት ያለ ጥጃ ነበር!" አለች አንዷ፣ ጥጃውን ዓይታው የማታውቅ። ሌላዋ፣ "ባለፈው ሳምንት እንኳን ሲቦርቅ፣ ሲቦርቅ..." ብላ ጀመረችና ራሷ አለቀሰች። ሰይድ ገብቶ ሽመሉን አስቀምጦ በወጉ ተቀመጠ። ፒተር ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ባርኔጣውን አውልቆ በደረቱ ያዘ፣ አንገቱን ደፋ። ጓድ ታምሩ ጭንቅ ገባው። ለሞተ ጥጃ ጓዳዊ መግለጫ ይስጥ ወይስ አይስጥ አላወቀም፤ በመጨረሻው እሱም ኮፍያውን አወለቀ።

አክስቴ እያለቀሰች ነው። መጀመሪያ ለማስመሰል ነበር። ትንሽ ቆይታ ግን ድምፁ ተለወጠብኝ፤ "ጨው ልግዛ ብሎ... ጨው ልግዛ ብሎ..." ትላለች። ጥጃ ጨው አይገዛም። የሰማ ሁሉ ሰማ። ሴቶቹ ማጽናናታቸውን ቀጠሉ፣ አሁን የእውነት።

በዚህ መሃል ነው ከማሽላው ውስጥ ድምፅ የመጣው።

ሻሺቱ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። እንደገና ጮኸች፤ ከማሽላው ውስጥ ቀጭን ድምፅ መለሰላት። አገዳው ተንኮሻኮሸ፣ ተሰነጠቀ፣ ሟቹ ወጣ። ቀይ ጥጃ፣ ጆሮው የተሸነቆረ፣ የበጠሰውን ገመድ ከኋላው እየጎተተ። ከታች ጨፌ ድረስ የእናቱን ድምፅ ተከትሎ መጥቷል። ለቀስተኛውን ሁሉ በጥሶ፣ የሰይድን ሽመል ረግጦ፣ ከእናቱ ሥር ገብቶ ጡት ጎረሰ። ሻሺቱ ጀርባውን እየላሰች ወተቷን ለቀቀችው፤ ከጥጃው አፍ ዳርና ዳር አረፋው ይፈስሳል።

የሚሰማው የጥጃው ምጥጥጥ ብቻ።

"ይህ..." አለ ጓድ ታምሩ፣ ኮፍያው በእጁ፣ "ይህ የማነው?"

ሁሉም አየኝ። እኔ ያለችኝን አንድ ውሸት ጨርሻለሁ፤ ሁለተኛ አልነበረኝም።

አክስቴ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ተነሣች። እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። "አልሐምዱሊላህ!" አለች ጮክ ብላ። "ጅብ በላው ብለን አልቅሰንለት! ጠፍቶ ነው እንጂ አልሞተም! መጣልኝ!" ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ለለቅሶ የመጣው ሁሉ ሳይነሣ ለደስታ ተቀመጠ። "እንኳን ደስ አለሽ! እንኳን አላህ መለሰልሽ!" ፒተር አጨበጨበ። ዓይኑ ረጥቧል።

ጓድ ታምሩ ወደ ዶክተሩ ዞረ። "ጓድ ዶክተር፣ ይህ ነገር አልገባኝም።"

ዶክተሩ ጥጃውን ረጅም ጊዜ አየው። የተሸነቆረውን ጆሮ አየ። የተጎተተውን ገመድ አየ። "የከብት ጠባይ ነው" አለው። "በሳይንስ የታወቀ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ፦ "ጻፊ። ላም፣ አንድ። የምትታለብ።"

ጻፍኩ።

ስንመለስ መኪናዋ ውስጥ ጓድ ታምሩ ከፊት ተቀምጦ አንቀላፋ፤ ፒተር በመስኮቱ ይቆዝማል። ዶክተሩ ከጎኔ ነው። ቆቦ ልንገባ ስንል ፊቱን ሳያዞር፣ ለራሱ እንደሚያወራ፣ "እኔ ያደግሁት ጥጃ ስጠብቅ ነው" አለ።

ወረቀቶቼን ደረቴ ላይ አቀፍኩ።

"ከብት የሚያውቅ ሰው ላም ሲዋስ ጥጃዋን አብሮ ይዋሳል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እንዴት ያለ ሞኝነት ነው? እንዴት ረሱት?"

"አልረሱትም ዶክተር" አልኩ።

"ታዲያ?"

"መጠይቁ ጥጃ አይቆጥርም።"

መነጽሩን አወለቀ። ያ ሰው ምን እንዳሰበ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምን እንደጻፈ ግን አውቃለሁ፤ ላይ ጨፌ "ራሱን ይችላል" ተባለ። የሰው ካሚዮን አልመጣም። የእህሉ መጣ። አክስቴ የማሽላዋን ድርሻ አፍሳ ስትሰጥ፣ "ይውሰዱት፤ ማሽላ ተመልሶ ይበቅላል" አለች። ፒተርም ስለ ራያ ላሞች ጥልቅ ሐዘን አንድ ነገር መጻፉን ሰምቻለሁ። ምናልባት በእሱ ላይ ተጨማሪ ጥናት ተደርጎ ይሆናል።

እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ተማርኩ፣ ብዙም አስተማርኩ፤ ዛሬም ነጥብ ከቦታዋ ስትጎድል እንቅልፍ አጣለሁ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። አንባቢዬ ሆይ፣ ከእንግዲህ "ከዚህ ሕዝብ ይህን ያህሉ ይህ አለው፣ ይህን ያህሉ ያ የለውም" የሚል ሰንጠረዥ ስታይ ጥያቄህን ለሰንጠረዡ አታቅርብ። ያን ቁጥር የተናገረው ሰው በዚያ ቀን በር ላይ ቆሞ ማንን ይፈራ እንደነበር ጠይቅ። መጠይቁ ሰውን ያያል ይላሉ፤ ሰው ግን መጠይቁን ቀድሞ ያየዋል፤ ዓይቶም በልኩ ይለብሳል። የማይቆጠረውን እቤት ትቶ ይመጣል። የማይቆጠረው ደግሞ ገመዱን ይበጥሳል።

መንግሥቱ በተለወጠበት ሰሞን አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። ከሰፈራ አገር በእግሩ፣ በመኪናም፣ እንደገና በእግሩ የመጣ ሰው በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። ከስቷል፤ ፂሙ አድጓል፤ መጀመሪያ አላወቅሁትም። አክስቴ አወቀችው። ጮኻ ተነሣችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ጎረቤቱ ግር ብሎ ገባ፣ እልልታው ቀለጠ። ረጅም ጊዜ ካለቀሰች በኋላ፣ ሑሴንን ሳትለቅቅ፣ በትከሻው ላይ አሻግራ እኔን ፈለገችኝ።

"አንች ጦይባ" አለችኝ፣ "አሁን ቁጠሪው።"